እንቁላሉ ለአንጎል የላከው መልእክት

ስለ ዓሦች መጠናናት የተጻፉት የቀድሞ መጻሕፍት በአመዛኙ የወንዱ ታሪክ ናቸው። ቀለሙን የሚያደምቀው ወንዱ፣ የሚጨፍረው ወንዱ፣ ጎጆ ሠርቶ ተቀናቃኙን የሚያባርረው ወንዱ ነው። ሴቷ መጨረሻ ላይ ብቅ ትልና እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች፤ ከዚያ በኋላ ስሟ አይነሣም። እንዲህ ያለው አጻጻፍ ለብዙ ዘመን የቆየው ሰው ዓይኑ ያየውን ስለሚጽፍ ነው። የሴቷ ድርሻ አብዛኛው የሚከናወነው ግን ከቆዳዋ ሥር፣ በደሟ ውስጥ፣ በእንቁላሏና በአንጎሏ መካከል ነው። እዚያ ድረስ ዘልቆ ለማየት ሳይንስ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። መንገዱም ሊተረክ የሚገባው ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው በዓሣ ሳይሆን በዶሮ ነበር። በ1849 በጀርመን አገር በጎቲንገን ከተማ አርኖልድ በርትሆልድ የተባለ መምህር ስድስት ወጣት አውራ ዶሮዎችን ኮለሸ። ለከፊሎቹ የዘር ፍሬ መልሶ በሆዳቸው ውስጥ አኖረላቸው፤ የቀሩትን እንዲሁ ተዋቸው። የተኮላሹት ዶሮዎች ኩክኩሉ ማለትን ሳይለምዱ፣ ሴት ሳይከተሉ አደጉ። የዘር ፍሬ የተመለሰላቸው ግን እንደ ማንኛውም አውራ ዶሮ ጮኹ፣ ተደባደቡ፣ ሴት አሳደዱ። ፍሬው ከነባር ቦታው ሲነቀል የነርቭ ግንኙነቱ አብሮ ተቆርጧል። ስለዚህ ትእዛዙን ከፍሬው ወደ ቀሪው አካል የሚያደርሰው ደም መሆን አለበት ብሎ በርትሆልድ ደመደመ። ይህን በደም የሚጓዝ መልእክተኛ እንግሊዛዊው ኧርነስት ስታርሊንግ በ1905 በለንደን ባደረገው ንግግር ሆርሞን ብሎ ጠራው።

የሴቷ ተራ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1923 ኤድጋር አለንና ኤድዋርድ ዶይሲ የተባሉ አሜሪካውያን ከአሳማ የእንቁላል ዕጢ የቀዱትን ፈሳሽ ዕጢያቸው ለወጣላቸው አይጦች ወጉ። አይጦቹም ወንድ ፈላጊ ሆኑ። ከስድስት ዓመት በኋላ ዶይሲ በአሜሪካ፣ አዶልፍ ቡተናንት ደግሞ በጀርመን፣ ከኢስትሮጅን ወገን የመጀመሪያ የሆነውን ሆርሞን ለየብቻቸው ንጹሕ አድርገው ለዩት።

ወደ ዓሣው የደረሱት ደግሞ ደቡብ አሜሪካውያን ናቸው። በ1930ዎቹ በአርጀንቲና በርናርዶ ሁሳይ፣ በብራዚል ሮዶልፎ ፎን ኢሄሪንግ፣ ከዓሣ አንጎል ሥር የሚገኘውን ፒቱታሪ የተባለ ዕጢ እየፈጩ ለሌላ ዓሣ መውጋት ጀመሩ። በተለይ የብራዚሉ ሥራ ለዓሣ እርባታ ትልቅ በር ከፈተ። በኩሬ ውስጥ እንቁላል አልጥልም ያለች ሴት በዚህ መርፌ ትጥላለች። እስከ ዛሬም በብዙ አገር የዓሣ ማራቢያ ጣቢያዎች ይሠራበታል። ይሁን እንጂ አርቢው የሚፈልገው እንቁላሉን ነው። ሴቷ ለምን በዚህች ሰዓት ወደ ወንድ እንደምትሄድ፣ በሌላዋ ሰዓት ደግሞ ለምን እንደምትሸሽ የጠየቀ አልነበረም።

ጥያቄውን በቅርጹ ያቀረበው ኒኮ ቲንበርገን ነው። ይህ ኔዘርላንዳዊ በ1930ዎቹ በላይደን ዩኒቨርሲቲ ከተማሪዎቹ ጋር ስቲክልባክ የተባለች፣ ጀርባዋ ላይ ሦስት እሾህ ያላት፣ ከሰው ጣት የማትበልጥ ዓሣ በመስታወት ገንዳ ውስጥ አስቀምጦ ያጠና ጀመር። በጸደይ ወቅት የወንዱ ሆድ ይቀላል። በአሸዋው ላይ ከሣር ዋሻ የመሰለ ጎጆ ይሠራል። ሆዷ በእንቁላል ያበጠ ሴት ስትመጣ ግራና ቀኝ እየተወረወረ ይጨፍርላታል። እርሷ ጭንቅላቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ ያበጠ ሆዷን ታሳየዋለች። እርሱ ወደ ጎጆው ይመራታል፤ እርሷ ትከተለዋለች። በአፍንጫው መግቢያውን ያመለክታታል፤ ገብታ ጭንቅላቷን በአንድ ወገን፣ ጅራቷን በሌላው ወገን አውጥታ ትቀመጣለች። የጅራቷን ሥር በአፉ እየነካካ ሲንቀጠቀጥባት እንቁላሏን ትጥላለች። ከዚያ ትወጣለች፤ እርሱ ይገባና ዘሩን ያፈስበታል።

ቲንበርገን ይህን ሁሉ እንደ ሰንሰለት ተመለከተው። የአንዱ ድርጊት የሌላውን ይቀሰቅሳል። ወንዱን የሚቀሰቅሰው ያበጠው ሆድ መሆኑን ለማረጋገጥ ዓሣ የማይመስል፣ ሆዱ ብቻ የተነፋ ምስል ሠርቶ ገንዳው ውስጥ ከተተ። ወንዱም ለምስሉ ጨፈረ። በ1951 የታተመው መጽሐፉ የእንስሳት ጠባይ ጥናትን መሠረት ካስያዙት አንዱ ሆነ፤ በ1973ም ከኮንራድ ሎረንትዝና ከካርል ፎን ፍሪሽ ጋር የኖቤል ሽልማትን ተካፈለ። ሰንሰለቱ ግን አንድ ቀለበት ጎድሎት ነበር። እንቁላሏን ጥላ የወጣችውን ያችኑ ሴት መልሰው ወደ ወንዱ ቢያቀርቧት ጭፈራውን ከቁብ አትቆጥረውም። ወንዱ ያው ነው፤ ቀለሙም ያው፤ ጎጆውም ያው። የተለወጠው እርሷ ውስጥ ያለ ነገር ነው።

በ1960ዎቹ ይህን የውስጥ ነገር ያሳደደው በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ኤን. አር. ሊሊ ነው። የመረጣት ዓሣ ጋፒ ትባላለች። አገሯ ሰሜን ምሥራቅ ደቡብ አሜሪካና ትሪኒዳድ ነው፤ ዛሬ በየቤቱ ገንዳ ውስጥ የምትታየው ባለቀለም ትንሽ ዓሣ ናት። ጋፒ እንቁላል አትጥልም፤ ጽንሱ ሆዷ ውስጥ አድጎ ትወልዳለች። ወንዱ ቀኑን ሙሉ አይታክትም። ገላውን እንደ እባብ አጥፎ ፊቷ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ፊት ብትነሣው ከኋላ አድፍጦ ያለ ፈቃዷ ሊገናኛት ይሞክራል። እርሷ አብዛኛውን ጊዜ ትታው ምግቧን ትለቅማለች፤ ወይም ትሸሻለች። ወንድ ያላወቀች ስትሆን ወይም ከወለደች በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ግን መብላቷን ትታ፣ ዞራ፣ ቀስ ብላ ወደሚጨፍረው ወንድ ትንሸራተታለች። ይህን ዝግ ያለ አካሄድ አንዴ ያየ ሰው ከሽሽቱ ጋር ሊያምታታው አይችልም።

ሊሊ በ1968 ባሳተመው ጥናት የሴቶቹን ፒቱታሪ ዕጢ አወጣ። ወደ ወንዱ መሄዳቸው ቀነሰ። ኢስትራዲዮል የተባለውን የኢስትሮጅን ዓይነት ሲሰጣቸው ፈቃደኝነታቸው ተመለሰ። ነገሩ ምክንያታዊ ነው። ጋፒ የምትጸንሰው በሆዷ ውስጥ ስለሆነ የወንዱ ዘር መግባት ያለበት እንቁላሎቹ በዕጢው ውስጥ እያሉ ነው። በማደግ ላይ ያለ እንቁላል ደግሞ ኢስትሮጅን ያስመነጫል። ያ ኢስትሮጅን ወደ አንጎል ሄዶ ጊዜው መቃረቡን ይናገራል። ሊሊና ባልደረቦቹ በኋላ ባደረጉት ሥራ ኢስትሮጅኑ ሌላም ነገር እንደሚያደርግ አሳዩ፤ ሴቷ ወደ ውኃው ወንድ የሚስብ ሽታ እንድትለቅ ያደርጋታል።

ከሊሊ ተማሪዎች አንዱ ኖርማን ስቴሲ ነበር። እርሱ የያዘው ጎልድፊሽን ነው፤ በየሆቴሉ መግቢያ ገንዳ የምትታየውን ቀይ ዓሣ። ጎልድፊሽ እንደ ጋፒ አይደለችም። እንቁላሏንም የወንዱን ዘርም የሚያገናኛቸው ውኃው ነው። ጸደይ ገብቶ ውኃው ሲሞቅና ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ተክል ሲበዛ፣ ሌሊቱ ሊነጋ ሲል እንቁላሎቹ ከዕጢው ተላቀው ወደ መውጫው ይወርዳሉ። ጎሕ ሲቀድ ሴቷ መዋኘት ትጀምራለች። ወንዶቹ በአፍንጫቸው ጎኗን እየገፉ ይከተሏታል። በድንገት ወደ ተክሉ ሥር ከፍ ትላለች፣ በጎኗ ትጋደማለች፣ ከአጠገቧ ካለው ወንድ ጋር ጅራታቸውን ያራግባሉ፤ ውኃው ይረጫል፣ እንቁላሎቹ ይበተናሉ፣ ከቅጠሉና ከሥሩ ይጣበቃሉ። ወርዳ ደግሞ ትመለሳለች። ይህ በአንድ ማለዳ እጅግ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። እንቁላሉ ካለቀ በኋላ የሚቀጥል ነገር የለም።

እንዲህ ላለው ዓሣ ሰዓት ማለት ሁሉም ነገር ነው። ከዕጢው የተላቀቀ እንቁላል በሰዓታት ውስጥ ይበላሻል። ሴቷ ሳትዘጋጅ ብትጨፍር የሚዳቀል ነገር የላትም፤ ብትዘገይ ደግሞ ለወራት ያከማቸችው ሁሉ ይባክናል። ታዲያ እንቁላሉ መውጣቱን አንጎሏ የሚያውቀው በምን ነው?

ስቴሲና ሊሊ በ1974 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ያወጡት መልስ ገጹ አጭር ነው። በእኔ ግምት ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ከተሠሩት ሙከራዎች ሁሉ የላቀው ይኸው ነው። እንቁላሏ የተላቀቀና በመጠናናት ላይ ያለች ሴት ወሰዱ። ሆዷን በእጅ ቀስ አድርገው ጨምቀው እንቁላሎቹን አወጡ። ወደ ገንዳው ሲመልሷት መጠናናቱን ተወች። ቀጥለው እንቁላሏ ገና ያልተላቀቀ፣ ለወንድ ግድ የሌላት ሌላ ሴት ወሰዱ። ከሌላ ዓሣ የተጨመቀውን እንቁላል በመውጫዋ በኩል ወደ ውስጥ አስገቡላት። ያቺ ሴት ወንዱን እየመራች ወደ ተክሉ ወጣች፤ የራሷ ያልሆነውንም እንቁላል ጣለች። ለሙከራው ውድ መሣሪያ አላስፈለገም። የሚያስፈልገው ትክክለኛው ጥያቄ ብቻ ነበር። እንቁላሉ እዚያ መኖሩ በራሱ ትእዛዝ ነው።

የቀረው መልእክቱን የሚያደርሰውን ማግኘት ነበር። ስቴሲ እዚህ ላይ ከሕክምና ዓለም ተበደረ። ፕሮስታግላንዲን የተባሉት ንጥረ ነገሮች በ1930ዎቹ በስዊድን በሰው የዘር ፈሳሽ ውስጥ ተገኝተው ነበር። በኋላም በአካል ውስጥ ያለ ሕዋስ ሁሉ ማለት ይቻላል እንደሚሠራቸውና በምጥ ጊዜ ማኅፀን እንዲኮማተር እንደሚያደርጉ ታወቀ። በ1971 ደግሞ ጆን ቬን በለንደን አስፕሪንና መሰሎቹ መድኃኒቶች ሥራቸውን የሚሠሩት ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት በመከልከል መሆኑን አሳየ። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ በእኛም ፋርማሲዎች የሚታወቀው ኢንዶሜታሲን ነው።

በ1976 ስቴሲ እንቁላል ላስገባላቸው ጎልድፊሾች ኢንዶሜታሲን ወጋቸው። እንቁላሉ ሆዳቸው ውስጥ እያለ መጠናናቱ ቆመ። ፕሮስታግላንዲን ኤፍ2አልፋ የተባለውን ዓይነት ሲጨምርላቸው ግን ተመለሰ። ከዚያ እንቁላል ላልተላቀቀላቸውና ምንም ላልገባላቸው ሴቶች ፕሮስታግላንዲኑን ብቻ ሰጣቸው። በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ተክሉ ወጡ፣ በጎናቸው ተጋደሙ፣ ጅራታቸውን አራገቡ፤ አንድም እንቁላል ሳይወጣ። ነገሩ በዚህ ግልጽ ሆነ። የተላቀቀው እንቁላል መውጫውን ሲሞላው አካሉ ፕሮስታግላንዲን ያመነጫል፤ እርሱ በደም ተጉዞ አንጎል ይደርሳል፤ አንጎልም ሴቷን ያንቀሳቅሳታል። ጋፒን የሚያዝዘው እንቁላሉ ሲያድግ የሚፈልቀው ኢስትሮጅን ሲሆን፣ ጎልድፊሽን የሚያዝዘው እንቁላሉ ሲላቀቅ የሚፈልቀው ፕሮስታግላንዲን ነው። የእያንዳንዷ ሆርሞን ዘሯ ከሚዳቀልበት ቦታና ሰዓት ጋር የተገጠመ ነው። አንድ ቁልፍ ለሴት ዓሦች ሁሉ ይሠራል ብሎ የጠበቀ ሰው እዚህ ላይ ሐሳቡን መለወጥ ነበረበት።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር ተከተለ። ፕሮስታግላንዲኑን ወንድ ጎልድፊሽ ሲወጋ ወንዱ የሴቷን ሥራ ይሠራል፤ ወደ ተክሉ ይወጣል፣ እንቁላል እንደሚጥል ሁሉ ይጋደማል። በ1993 ማኪቶ ኮባያሺና ስቴሲ ደግሞ የእንቁላል ዕጢያቸው ተቆርጦ የወጣላቸው ሴቶችም ለዚህ መርፌ እንደሚመልሱ አሳዩ። የሴቷ ጠባይ የተጻፈበት የነርቭ መንገድ በዓሣው አንጎል ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ የሚያስነሣውን መልእክት ብቻ ነው የሚሻው። ስለ ጾታና ስለ አንጎል ከአጥቢ እንስሳት የተማርነው ትምህርት በዚህ ፊት ጠባብ ነው።

ነገር ግን ከ1993 በፊት፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ታሪኩ ማንም ያልጠበቀውን መታጠፊያ ወስዶ ነበር። ስቴሲ በዚያን ጊዜ በኤድመንተን ከተማ በአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ነበረ። ወንዶቹ ሴቷን ጎሕ ሳይቀድ እንዴት እንደሚያውቋት ከባልደረቦቹ ጋር ይጠይቅ ነበር። በ1987 መልሱን ኔቸር ላይ አወጡ። እንቁላሉ ሊላቀቅ ሲል፣ ሌሊት ላይ፣ የሴቷ ደም እንቁላሉን የሚያበስል አንድ ስቴሮይድ ሆርሞን ይሞላበታል። ያ ሆርሞን ከአካሏ ወጥቶ ውኃው ውስጥ ይገባል። ወንዱ ሲያሸተው የራሱ ሆርሞን ከፍ ይላል፤ እስኪነጋም ብዙ የዘር ፈሳሽ ያዘጋጃል። በዓመቱ፣ በ1988፣ ፒተር ሶረንሰን፣ ስቴሲና ጓደኞቻቸው ሁለተኛውን አከሉ። እንቁላሉ ከተላቀቀ በኋላ ከሴቷ የሚወጣው ወንዱን የሚያሳብደው ሽታ ፕሮስታግላንዲን ኤፍ2አልፋና ከእርሱ የሚገኝ ውላጁ ነው። የወንዱ አፍንጫ ለእነዚህ ነገሮች ያለው ንቃት ለማመን ይከብዳል። ያንን የሌሊት ስቴሮይድ አንዱን ግራም ከአንድ ቢሊዮን ሊትር በሚበልጥ ውኃ ውስጥ ቢበትኑት እንኳ ወንዱ ያውቀዋል።

አስቡት። የሴቷን አንጎል የሚያስነሣው ንጥረ ነገርና ወንዱን የሚጠራው ንጥረ ነገር አንድ ነው። እንቁላሉ መልእክቱን አንዴ ይጽፋል፤ ሁለት አንጎሎች ያነቡታል። እርሷ ያልተዘጋጀችበት ጥሪ ሊወጣ አይችልም፤ ጥሪው የሚሠራው ከዝግጅቱ ራሱ ስለሆነ። ቲንበርገን በሰንሰለቱ መጀመሪያ ላይ ያስቀመጠው ጭፈራ፣ በጎልድፊሽ ዘንድ፣ ሌሊቱን ሴቷ ለጻፈችው ደብዳቤ የተሰጠ መልስ ነው።

በ1990ዎቹና ከዚያ በኋላ ጥያቄው ከአፍንጫ ወደ ጆሮ ተሻገረ። ቀደም ሲል፣ በ1980ዎቹ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ማዶ በሳውሳሊቶ በጀልባ ቤቶች የሚኖሩ ሰዎች በበጋ ሌሊት ወለሉን በሚያርገበግብ ድምፅ እንቅልፍ አጥተው ነበር። የቆሻሻ ውኃ መግፊያ ሞተር ነው፣ የለም የወታደር ምሥጢራዊ ሥራ ነው እየተባለ ሲወራ የተገኘው ሚድሺፕማን የተባለ ዓሣ ነው። ወንዱ በባሕር ዳርቻ ድንጋይ ሥር ጎጆ ይሠራና አንዳንዴ ከአንድ ሰዓት በላይ ሳያቋርጥ ያንጎራጉራል። ሴቷ ከጥልቁ ባሕር መጥታ በድምፁ ተመርታ ታገኘዋለች፤ እንቁላሏን ጥላ ወደ ጥልቁ ትመለሳለች። ልጆቹን የሚያሳድገው እርሱ ነው።

በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአንድሪው ባስ ቡድን፣ በተለይም ጆሴፍ ሲስኔሮስ፣ የዚችን ሴት ውስጣዊ ጆሮ ከወቅት ወቅት ለኩ። በክረምት ጆሮዋ የወንዱን ዜማ ዝቅተኛ ድምፆች ብቻ በደንብ ይይዛል። የመራቢያው ወቅት ሲደርስ ግን ከፍ ያሉትንም ድምፆች አጥርቶ ይይዛል። ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ዝቅተኛ ድምፅ ሩቅ ስለማይጓዝ፣ ሴቷን ወደ ጎጆው የሚያደርሳት ከፍተኛው ነው። በ2004 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ገና ወቅታቸው ላልደረሰ የክረምት ሴቶች ቴስቶስትሮን ወይም ኢስትራዲዮል ሲሰጧቸው ከሳምንታት በኋላ ጆሯቸው እንደ በጋው ተለወጠ። ሆርሞኑ ሴቷን ወደ ወንዱ የሚገፋት ብቻ ሳይሆን እንድትሰማው የሚያደርጋትም ነው። ከዚህ በፊት ያልሰማችውን ነው የምትሰማው። እኔን ከዚህ ሁሉ ግኝት እጅግ የገረመኝ ይህ ነው። ፍላጎትን ሁልጊዜ ከአንጎል የሚነሣ አድርገን እናስባለን፤ እዚህ ግን ጆሮው ራሱ ወቅት አለው።

በ2007 ሶረንሰን፣ በዚያን ጊዜ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ ከባልደረባው ጋር ወደ ጎልድፊሽ ተመለሰ። ሴቷ ጥሪውን የምትለቀው ሳታውቀው ከገላዋ እየፈሰሰ ነው ወይስ በራሷ ምርጫ? መልሱ በሽንቷ ውስጥ ተገኘ። እንቁላሏ የተላቀቀ ሴት ሽንቷን ቶሎ ቶሎ፣ በተለይም ወደ ተንሳፋፊው ተክል ስትወጣ ትለቃለች። መቼና የት እንደሚሸት የምትመርጠው እርሷ ናት።

የመጨረሻው ምዕራፍ የጂን ምዕራፍ ነው። በ2016 በጃፓን ሪከን የተባለው የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ዜብራፊሽ በተባለች ዓሣ ወንዶች አፍንጫ ውስጥ ፕሮስታግላንዲን ኤፍ2አልፋን የሚቀበለውን ፕሮቲን ለይተው አወጡ። እርሱ የጎደላቸው ወንዶች ለሴቷ ያላቸው መጠናናት ደከመ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ስኮት ጁንቲ፣ ራስል ፈርናልድና ባልደረቦቻቸው የታንጋኒካ ሐይቅ ተወላጅ በሆነች ቡርቶኒ የተባለች ዓሣ ላይ የሠሩትን አወጡ። ቡርቶኒ ለእኛ ሩቅ አይደለችም፤ ከሐዋሳና ከዝዋይ የምንበላው ቆሮሶ ቤተሰብ ናት፤ እንደ ቆሮሶም ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ውስጥ ታቅፋለች። ወንዱ ቀለሙን አድምቆ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ እየተንቀጠቀጠ ይጠራታል። እርሷ ተከትላው ገብታ ጥቂት እንቁላል ትጥላለች፤ ወዲያው ዞራ በአፏ ትሰበስበዋለች። በወንዱ የታች ክንፍ ላይ እንቁላል የሚመስሉ ነጠብጣቦች አሉ፤ እነርሱንም ለመልቀም ስትጠጋ ዘሩን ወደ አፏ ትስባለች።

የስታንፎርዱ ቡድን ፕሮስታግላንዲን ሲወጋት በደቂቃዎች ውስጥ ይህን ሁሉ ሥርዓት መከወን ጀመረች። ከዚያ ክሪስፐር በተባለው የጂን መቁረጫ፣ የፕሮስታግላንዲኑን ተቀባይ የሚሠራውን ጂን ሰረዙት። እነዚያ ሴቶች የመራባት ዝግጅታቸው ከሌሎቹ ጋር እኩል ቢሆንም መጠናናቱን አይጀምሩም፤ ወንዱም ቢጨፍር አይከተሉትም። እንቁላሉ ይጮኻል፣ አንጎሉ ግን የሚሰማበት ጆሮ አጥቷል። ስቴሲና ሊሊ በእጃቸው እየጨመቁ በ1974 የገመቱት መስመር ከአርባ ሁለት ዓመት በኋላ አንድ ጂን በመቁረጥ ተረጋገጠ። እንቁላሉን የሚያበስለው ስቴሮይድም የዚያን ተቀባይ መጠን እንደሚቀይር ታየ። ማለትም አንዱ ሆርሞን ቦታውን ያዘጋጃል፤ ሌላው ይመጣበታል።

በ2021 ደግሞ የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሜዳካ፣ በሩዝ ማሳ ውስጥ በምትኖረው ትንሽ የጃፓን ዓሣ፣ ከኢስትሮጅን ተቀባዮች አንዱን አጠፉ። እርሱ የሌላቸው ሴቶች ወንዱን ፈጽሞ አልተቀበሉትም፤ እንዲያውም ልክ እንደ ወንድ ሌሎች ሴቶችን ይጨፍሩላቸው ጀመር። ኢስትሮጅን የሴቷን ጠባይ ከማስነሣት አልፎ የወንዱን እንደሚያስቀር ማለት ነው። ሊሊ በጋፒ የጀመረው ክር እዚህ ደረሰ።

አሁን ይህን ሁሉ ስናውቅ ወደ አገራችን ውኃ መመልከት ግድ ይላል። ጎልድፊሽ ከካርፕ ቤተሰብ ናት። ባርበስ የሚባሉት የጣና ሐይቅ ዓሦችም የዚያው ቤተሰብ ናቸው። ተመራማሪዎች በጣና ብቻ አሥራ አምስት ያህል ዝርያ ለይተዋል፤ አብዛኞቹ በዓለም ሌላ ቦታ አይገኙም። ከእነርሱ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። ሴቶቹ ሆዳቸው በእንቁላል ተሞልቶ በወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ። መረብ የሚዘረጋውም በዚያችው ሰሞን፣ በዚያችው ቦታ ነው፤ ቀላል ስለሆነ። በገባር ወንዞቹም ላይ ዓሣን የሚያደነዝዘው የብርብራ ፍሬ እየተፈጨ ይበተናል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በሞተር ጀልባና በረጅም መረብ የሚሠራው አሥጋሪነት ከተስፋፋ በኋላ የባርበሱ ቁጥር በእጅጉ እንደቀነሰ ተመዝግቧል።

በወንዝ አፍ የተያዘች አንዲት ሴት ባርበስ ለወራት ያዘጋጀችውን ሁሉ ይዛ ትወጣለች። እንቁላሏ ከተላቀቀ በኋላ ያላት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ያንን ጊዜ መልሶ የሚሰጣት የለም። ስለዚህ የጣና ዳር አሥጋሪዎች ማኅበራት፣ የክልሉ የዓሣ ሀብት ባለሙያዎችና ዓሣ ገዝተን የምንበላ ሁላችን አንድ ነገር እናድርግ፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በወንዞቹ አፍ መረብ አይዘርጋ፣ ብርብራም ወደ ውኃው አይግባ።